ከሰዓት በኋላ የምትወጣው ኦፖሰም

ኦፖሰም የምትባለውን እንስሳ አይታችሁ እንደማታውቁ እገምታለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ሆላንድ እስክገባ ድረስ ስሟን ከትምህርት መጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው። አፏ ሾጠጥ ያለ፣ ጅራቷ እንደ አይጥ ፀጉር የሌለው፣ አንዳንዷ ድመት፣ አንዳንዷ አይጥ የምታክል፣ ቀን ተኝታ ሌሊት የምትወጣ የሞቃት አገር ጫካ ፍጥረት ናት። ልጆቿን የባቄላ ፍሬ እንኳ ሳያክሉ ትወልዳቸውና ሆዷ ላይ ለጥፋ ታሳድጋቸዋለች። በዚህች እንስሳ ምክንያት የሆነውን ነገር ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ዛሬ ልናገረው ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጊዜው በኛ አቆጣጠር ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲገቡ ነው። ጥሩወርቅ እባላለሁ። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እየተማርኩ፣ ሁለተኛ ዓመቴን ሳልጨርስ፣ ወንድሜ ሳሙኤል አንድ ማለዳ ከቤት ተወሰደና በዚያው ቀረ። ቀጥሎ የኔ ተራ መሆኑ ሲገባት እናቴ በሱዳን በኩል እንድወጣ አደረገችኝ። ምኑን ልንገራችሁ፣ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከብዙ እንግልት በኋላ ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጋሼ ተስፋማርያም ቤት አንድ ክፍል ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሼ ተስፋማርያም አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የጎለመሱ፣ ባቡር በማጽዳት የሚተዳደሩ፣ ፊታቸው ኮስታራ አንጀታቸው ግን ሩኅሩኅ ሰው ነበሩ። "ልጄ" ሲሉኝ እውነትም ልጃቸው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ አምስተርዳም ነው። በየቀኑ በባቡር እመላለሳለሁ። እዚያ አንድ የእንስሳት ምርምር ቤት ውስጥ የገባሁት ወለል ለመወልወል ነበር። አንድ ቀን ተከፍቶ በተረሳ መሳቢያ ውስጥ የተደረደሩ የራስ ቅሎች አይቼ፣ መወልወያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ መጥተው ኖሯል።

"ምን እያየሽ ነው?" አሉኝ።

ደንግጬ፣ "ይሄ የአይጥ ጭንቅላት ነው ብዬ ነበር። ግን አይደለም፤ ጥርሱ በዛ" አልኳቸው በተሰባበረ ሆላንድኛዬ።

ሳቅ አሉ። "ቁጠሪው እስቲ።"

ቆጠርኩት። በማግስቱ ከመወልወያው ሌላ እርሳስና የካርድ ሣጥን ተሰጠኝ። እኚህ ሰው ዶክተር ብራከል ነበሩ።

ዶክተር ብራከል ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት አንድ መጽሐፍ ነበራቸው፤ በሱሪናም ምድር ያሉ ኦፖሰሞች ሁሉ ዝርዝር። ሱሪናም ማለት በደቡብ አሜሪካ ያለች፣ ጫካ የሸፈናት፣ ብዙ ዘመን በሆላንድ ስትገዛ የኖረች ሞቃት አገር ናት። የኔ ሥራ ቆዳውንና የራስ ቅሉን እየለካሁ ካርድ ላይ መጻፍ ነበር። የት ወንዝ ዳር እንደተያዘች፣ ማን እንደያዛት፣ ጅራቷ ስንት እንደሆነ፣ ጥርሷ እንዴት እንደበቀለ። ካርዱ ከሌለ እንስሳዋም የለችም ይሉ ነበር ዶክተሩ። የመጽሐፉን ሥዕሎች በሙሉ የሣሉት ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ግሬታ ናቸው። እኔ እዚያ ቤት ስገባ ወይዘሮ ግሬታ ሳንባቸውን ታመው ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር አንድ የሕሙማን መጦሪያ ተኝተዋል። ዶክተሩ በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮታቸውን ደርበው ወደ እሳቸው ይሄዳሉ። ሐኪሞቹ ክረምቱን፣ ማለትም የዚያን አገር የብርድ ወራት፣ መውጣታቸውን ይጠራጠሩ ነበር።

አንድ ያልተፈታ ነገር ነበር። ሁለት ትንንሽ ኦፖሰሞች አሉ፤ አንደኛዋ ትንሽ ቀላ፣ ሌላኛዋ ትንሽ ጠቆር ትላለች። አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት? ራስ ቅላቸውን ብንለካ፣ ጥርሳቸውን ብንቆጥር መልስ አልሰጥ አለን። ዶክተሩ ጠቆር ያለችው ሌላ ዝርያ ናት ብለው ልባቸው ነግሯቸዋል። ከሆነችም በላቲን ስሟ ላይ ግሬታ የሚለውን ሊያኖሩበት ወስነዋል። መጽሐፉን ባለቤታቸው ሳይሞቱ አልጋቸው ላይ ሊያስቀምጡላቸው ነበር የሚሮጡት። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም።

ለዚህ ብለው ከሱሪናም በሕይወት ያሉ አስመጡ። ሁለት ክፍል ተዘጋጀላቸው። ሌሊት መብራት ይበራል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ቀኑ ሌሊት እንዲመስላቸው ነው። ቀይዎቹ በሊልያን ክፍል፣ ጠቆር ያሉት በኔ ክፍል ሆኑ። ሊልያን ሱሪናማዊት ናት፤ ሳቋ ከኮሪደር ማዶ የሚሰማ፣ የሁለት ልጆች እናት። ኦፖሰሟን "አዋሪ" ነው የምትላት፣ በአገሯ ስም። እንስሶቹን ወጥመድ ጥሎ የላከልን አጎቷ ነበር። በየክፍላችን በደብዛዛ ቀይ አምፖል እያየን፣ በየቀኑ እያንዳንዷ ጎጆዋን የለቀቀችበትንና የተመለሰችበትን ሰዓት እንጽፋለን። ሊልያንም ልጆቿን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ዶክተሩ በሚሄዱበት ሰዓት ትሄዳለች። እኔ እቀርና ካርዴን እሞላለሁ፣ ከዚያ ወለሌን እወለውላለሁ። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ብራከል ፊታቸው በርቶ መጡ። የመጽሐፉ የመጨረሻ የማረሚያ ቅጂ ሮተርዳም ካለው ማተሚያ ቤት ደርሷል። አንድ ገጽ ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ተመልከቺ ትሩስ" አሉኝ። ጥሩወርቅ ማለት አልሆንላቸው ብሎ በዚያ አገር የአሮጊቶች ስም ይጠሩኝ ነበር። "ይሄ ያንቺ ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ያጣሁትን አንቺ አገኘሽልኝ።"

ገጹ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። ላይኛው የቀይዋ ነው፤ የሌሊቱን መጀመሪያ ትንቀሳቀሳለች ይላል። ታችኛው የኔዋ ናት፤ የሌሊቱን ማብቂያ ትንቀሳቀሳለች ይላል። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፣ አንድ ጫካ ውስጥ እየኖሩ አይገናኙም። ስለዚህ ሁለት ዝርያ ናቸው። ከሥሩ አዲሱ የላቲን ስም፣ በስሙ ውስጥ ግሬታ።

"ዓርብ ጠዋት ይታተማል" አሉኝ። "ያንቺንም ደብዳቤ ዓርብ እፈርማለሁ።"

ደብዳቤው ለውጭ ዜጎች ፖሊስ የሚቀርብ የሥራ ማስረጃ ነበር። ያለ እሱ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም። ደስ አለኝ፤ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ኩራት ኩራት አለኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገጹን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። የኔዎቹ በነሱ አጻጻፍ ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ ሰዓት ይወጣሉ ይላል። ያ በኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። "ማክሰኞንና ሐሙስን ጨምሮ በየቀኑ የተመዘገበ" የሚል ጽሑፍም አለ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምወጣው፤ ዴን ሃግ የሆላንድኛ ትምህርት አለኝ። ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ ለማንም አልነገርኩም። ታዲያ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኦፖሰሟን ማን አየልኝ?

እጄን አየሁ። እጄ ላይ የሳሙኤል ሰዓት አለች። ከወንድሜ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ሆላንድ ስገባ ለአገሩ ርቀት ያህል ትንሽ ወደ ኋላ መለስኳት እንጂ የኛን አቆጣጠር አላስለወጥኳትም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ነው የምትለው። ሳሙኤል እንደሚያያት እንድትሆን ነው የፈለግኩት። ውጭ ስሆን ስድስት ደምሬ ከነሱ ሰዓት ጋር አስማማለሁ። በጨለማው ክፍል ውስጥ ግን እንስሳዋ ብቅ ስትል እጄን አየት፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ በቃ። ጠዋት አራት ሰዓት ወጣች፣ ቀን ስምንት ሰዓት ገባች። አራት፣ ስምንት። አራት፣ ስምንት። ወራት ሙሉ!

ዶክተሩ ምን ያድርጉ? በነሱ ጠዋት አራት ማለት ገና ውድቅት ነው፤ ክፍሉ መብራት በርቶበት፣ እኔም ቤቴ ተኝቼ ነው። ስለዚህ የከሰዓት በኋላ አራት ነው ብለው ተረጎሙት። እሳቸው በዚያ ሰዓት ባለቤታቸው ዘንድ ናቸው፣ ሊልያንም የለችም። እኔ ደግሞ እስከ ምሽት የምሠራ መሆኔን ያውቃሉ። የሚጠራጠሩበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ብሎም ሠላሳ ዓመት የጠበቁት መልስ ነው።

የሊልያንን መዝገብ አውጥቼ ከኔ ጎን አስቀመጥኩ። የኔ ላይ ስድስት ስድስት ደመርኩ። አንድ ሆኑ። ሁለቱ እንስሶች በአንድ ሰዓት ይወጣሉ፣ በአንድ ሰዓት ይገባሉ። አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር የለም። ያለው የኔ ሰዓት ብቻ ነው።

ያን ማታ ለጋሼ ተስፋማርያም ነገርኳቸው። እራታቸውን ትተው ሰሙኝ።

"ሰው ሞቷል?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው?"

"ሰው ካልሞተ ዝም በይ። አይጥ አንድ ሆነች ሁለት ሆነች ማን ምን ሊሆን? ሽማግሌው ሚስቱን ደስ ያሰኝ፣ አንቺ ወረቀትሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ ንገሪያቸው፣ ይቅርታ ጠይቂ። አሁን ብትናገሪ ዓርብ ማን ይፈርምልሻል? ተይ ልጄ፣ እኔ ይሄን አገር አውቀዋለሁ።"

ክፉ መክረውኝ አይደለም። ለኔ አስበው ነው። እኔም ልቤ የፈለገው ይህንኑ መስማት ነበርና ዝም አልኩ። ረቡዕ ሙሉ ቀን ዝም አልኩ። ዶክተሩ እያፏጩ በኮሪደሩ ሲያልፉ አንገቴን ደፍቼ ጥርስ ስቆጥር ዋልኩ። "ትሩስ ዛሬ አመመሽ እንዴ?" ሲሉኝ "አይ፣ ብርድ ነው" አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሊልያን ስትገባ እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። በእጇ ደብዳቤ ይዛለች።

"ከአጎቴ ነው" አለችኝ። "ባለፈው ወር ዶክተሩ ለመጽሐፉ የአጎቴን ስም ሲጠይቁኝ ስለ አዲሱ ዝርያ ነግረውኝ፣ ያኔውኑ ጽፌለት ነበር፤ የሱም ስም መጽሐፉ ላይ እንደሚወጣ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።"

"ምን አለሽ?"

"እሱ አይጽፍም፣ ልጁ ናት የምትጽፍለት። ስሚ።" ወንበር ስባ ተቀመጠችና አነበበችልኝ። "ሁለቱንም አዋሪዎች ጨረቃ ሳትወጣ በአንድ ወጥመድ መስመር ላይ አብረው ሳገኛቸው ነው የኖርኩት። የዶክተሩ ሰዓት ግን አይገናኙም ካለ፣ እንግዲህ ዓይኔ አርጅቷል ማለት ነው። ስለ ሌሎቹ እንስሳት የነገርኳችሁንም እንዳታምኑ ንገሪያቸው። እኔ ካሁን በኋላ የማውቀው የለኝም።"

ሊልያን ደብዳቤውን አጠፈችው። "ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ጫካ የኖረ ሰው ነው" አለች። "ልጆቹን በዚያ ነው ያሳደገው። እስቲ አሁን ምን ብዬ ልጻፍለት?"

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። እንባዬ መጣ። ሰዓቷን ከእጄ ፈትቼ በሊልያን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉን ነገር ነገርኳት። ማክሰኞ ማወቄን ግን አልነገርኳትም። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

"አጎቴ ልክ ነበራ!"

"ልክ ነበሩ።"

"ትሩስ፣ አንቺ ሴትዮ!" ተነሥታ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። "ነገ ሊታተም አይደል እንዴ! ምን ትቀመጫለሽ፣ ተነሽ!"

ዶክተሩ አልነበሩም። የታረመውን ቅጂ በእጃቸው ሊያደርሱ ሮተርዳም ሄደዋል። ሊልያን ስልክ እንደውል አለች፤ እኔ ግን ፊታቸው ቆሜ እንጂ በስልክ የሚነገር አልመሰለኝም፣ ሆላንድኛዬም በስልክ ይጠፋብኝ ነበር። ሁለቱን መዝገብ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰዓቴን አስሬ ወደ ጣቢያ ሮጥኩ።

ሮተርዳም ስደርስ ዝናብ ነው። ማተሚያ ቤቱን እየጠየቅኩ አገኘሁት። ዶክተሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ወጥተዋል። የማሽኑ ኃላፊ ክንዱ ድረስ ቀለም የነካው፣ ደልደል ያለ ሰውዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ገጽ አሳይቼ፣ "ይህ ስህተት ነው፣ አይታተም" አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንቺ ማን ነሽ?"

"ሰዓቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"የኔ እመቤት፣ ዶክተሩ ራሳቸው ካልነገሩኝ አላቆምም። ቢነግሩኝም አሁን መጥፎ ነው። ይሄ ገጽ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ዝርዝሩም ማውጫውም ሊለወጥ ነው። ማክሰኞ ብትመጡ ኖሮ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፣ ለዓርብ ይደርስ ነበር። አሁን ካቆምኩት ተራው ያልፋል፤ ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑ ለሌላ ሥራ ተይዟል። የናንተ ከፀደይ በፊት አይገባም።"

ከፀደይ በፊት አይገባም። ወይዘሮ ግሬታ ክረምቱን አይወጡም። ሁለቱን ነገር ሳገናኛቸው እዚያው ማተሚያ ቤት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተመልሼ ወደ ቤቴ ልሄድ አስቤያለሁ። ሰውዬው ወንበር ሊያመጣልኝ ሲዞር ነው የወጣሁት።

ከዚያ እስከ ዴን ሃግ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። ሙርዋይክ የሕሙማኑ ቤት ስደርስ ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ ነበር። ነርሷ አዝና ፎጣ ሰጠችኝና ክፍሉን አሳየችኝ። ዶክተር ብራከል አልጋው አጠገብ ተቀምጠው የባለቤታቸውን እጅ ይዘዋል። ወይዘሮ ግሬታን ከዚያ በፊት በፎቶ ብቻ ነበር የማውቃቸው። ከስተው ትራሱ ውስጥ ጠፍተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው።

"ትሩስ! ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ዶክተሩ ብድግ ብለው።

ቆሜ ነገርኳቸው። ቃል ሲያጥረኝ መዝገቡን፣ መዝገቡ ሲያጥረኝ ሰዓቷን አሳየኋቸው። "እኛ አገር ቀኑ ከንጋት ነው የሚቆጠረው። ይሄ አራት ያንተ አሥር ነው" አልኩ፤ ሆላንድኛ ላይ አክብሮቱም ጠፋብኝ። ዶክተሩ ሁለቱን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ደመሩ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"መቼ አወቅሽ?" አሉኝ።

ዓይናቸውን አየሁ። የማሽኑ ኃላፊ ያለኝ ጆሮዬ ላይ አለ።

"ዛሬ ጠዋት" አልኳቸው።

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ "እንዳለ ይታተም። በሁለተኛው እትም እናርመዋለን" አሉ።

"ሄንክ" አሉ ወይዘሮ ግሬታ ባላቸውን በስማቸው ጠርተው። ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ነው። "ሁለቱን የሣልኳቸው እኔ ነኝ። ልዩነታቸውን ስፈልግ ስንት ሳምንት እንደቆየሁ ታውቃለህ። አላገኘሁም። ነግሬህ ነበር።"

"ነግረሽኝ ነበር።"

"ሰዓቱ ይለየዋል አልከኝ። ይኸው፣ ሰዓቱ ለየው።" ትንፋሽ ለመሳብ ቆሙ። "በሌለ እንስሳ ስም ልታስቀረኝ ነው?"

"መጽሐፉን እንድታዪው ነበር" አሉ ዶክተሩ። ሽማግሌው እያለቀሱ ነው። "እጅሽ ላይ እንዳኖረው ነበር፣ ግሬታ።"

"አውቃለሁ። ሂድ ደውል።"

ዶክተሩ ከክፍሉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ ሲያወሩ ይሰማኛል። "አዎ፣ አቁመው። አዎ፣ ገብቶኛል፣ ፀደይ። ገብቶኛል አልኩህ" አሉ። ወይዘሮ ግሬታ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሰዓቷን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። "የማን ናት?" አሉኝ። "የወንድሜ" አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እጄን ግን አልለቀቁም። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፍቼ ነበር። ዶክተሩ ተመልሰው ገቡ።

ወይዘሮ ግሬታ የሞቱት በዚያው ክረምት ነው። መጽሐፉ የወጣው አበባ ሲያብብ ነበር። ቀይዋና ጠቆር ያለችው በአንድ ስም፣ ባንድ ገጽ ላይ ናቸው። የሊልያን አጎት ስም ከሥሩ አለ። ሊልያን "አጎቴ ዓይንህ አላረጀም" ብላ ጻፈችለት፤ እሱም ሁለት ወጥመድ ሙሉ አዋሪ ላከልን።

ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ዶክተር ብራከል ደብዳቤዬን እንዳሉት ፈርመውልኝ፣ ፈቃዴም ታድሶ ነበር። ከመቃብሩ ስንመለስ ክንዴን ያዙኝና እህታቸው ፊት አቆሙኝ። "ይቺ ናት" አሏቸው። "ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እሷ ግን ባወቀችበት ቀን፣ በዝናብ፣ ሦስት ከተማ አቋርጣ መጣች።" እህታቸው አቅፈው ሳሙኝ። እኔም ተሳምኩ። ምን አልኩ? ምንም። አንገቴን ደፋሁ፣ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ትምህርቴን እንድጨርስ የረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሮተርዳም ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ ስይዝ አበባ ይዘው መጥተዋል። ከሮተርዳም ጎን ካፔለ አን ደን አይሰል ቤት ስገዛ መጥተው መጽሐፍ መደርደሪያዬን ገጥመውልኛል። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ሲሞቱም የቀበርኳቸው እንደ ልጅ ሆኜ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ልነግራቸው ስንት ጊዜ ተነሣሁ መሰላችሁ? "ዛሬስ" እላለሁ፣ ደግሞ "ምን ያደርግላቸዋል፣ ማሳዘን ነው እንጂ" እላለሁ። ለራሴ ነበር የማዝነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት "ስህተት ነው፣ ማን አይሳሳትም" ትሉኝ ይሆናል። እሱን እኔም ይቅር ብያለሁ። ወንድሟን ያጣች ልጅ ሰዓቷን እንደሱ አድርጋ ብታስር ማንም አይፈርድባትም፤ የስድስት ሰዓቱን ስህተት በአንድ ቀን አርመነዋል። ላቦራቶሪ ከኔ ሥር የሠሩ ልጆች እርማት ሲጽፉ አንድ ነገር አስገድዳቸው ነበር። የተሳሳተውን ሰርዙ፣ ትክክሉን ጻፉ፣ ከጎኑ ደግሞ ስህተቱን ያያችሁበትን ቀን ጻፉ እላቸዋለሁ። የታረመበትን ሳይሆን፣ ያያችሁበትን። "ለምን?" ሲሉኝ "ሕጉ ነው" እላለሁ። ሕግ የሚባል አልነበረም፤ ከኔው ነው የወጣው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ያ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ፣ ዶክተሩ ገና ከሕንፃው አልወጡም ነበር። ተነሥቼ ኮሪደሩን ብሻገር ይበቃ ነበር። መጽሐፉ ታርሞ ዓርብ ይታተም ነበር፣ ወይዘሮ ግሬታም በእጃቸው ይዘውት ይሞቱ ነበር። እኔ ግን ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት፤ ሁለቱን ቀን ደግሞ አርባ ዓመት ደበቅኩት።

ዶክተር ብራከል፣ መቼ አወቅሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያወቅኩት ማክሰኞ ነው።